ዳገቱን ማን ለካው?

እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ላክላን ሞርተን የተባለ አውስትራሊያዊ የብስክሌት ተወዳዳሪ በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ሪስት ካንየን በሚባል ሥፍራ አንድን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ውሎ 8,848 ሜትር፣ ማለትም የኤቨረስት ተራራን ቁመት ያህል፣ በ7 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ54 ሴኮንድ መውጣቱ ተነገረ። ክብረወሰን ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ክንውኑን የሚያጸድቁት ሰዎች መረጃውን ዳግም ሲመረምሩ ከፍታው ጎድሎ ተገኘና ክብረወሰኑ ተነሳበት። ሞርተን በዚያው ወር ተመልሶ ወጣና በ7 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ ጨረሰው።

ሰውየው አላጭበረበረም። ከሰባት ሰዓት ተኩል በላይ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ላቡን ያፈሰሰው በእውነት ነው። የጎደለው ጉልበቱ አይደለም፤ መለኪያው ነው። ታዲያ አንድ አትሌት እግሩ እስኪዝል ከወጣ በኋላ “አልወጣህም” ሲባል ተጠያቂው ማን ነው? መሣሪያውን የሠራው? ቁጥሩን ያሰላው መተግበሪያ? ወይስ ቁጥሩን ሳንጠይቅ ያመንነው እኛ?

ኤቨረስቲንግ የሚባለው ይህ ፈተና ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ዳገት ትመርጣላችሁ፤ የወጣችሁት ከፍታ ሲደመር 8,848 ሜትር እስኪሞላ ድረስ ያንኑ ዳገት ትመላለሱበታላችሁ። ተወዳዳሪዎቹ ጎን ለጎን አይሮጡም። አንዱ ኮሎራዶ ነው፣ ሌላው ስፔን፣ ሌላው አየርላንድ። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የከፍታው ቁጥር። ሞርተን ከጨረሰ በኋላ፣ በጁላይ 2020፣ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ የነበረው ስፔናዊው አልቤርቶ ኮንታዶር በ7 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ጨርሶ ክብረወሰኑን ወሰደ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ነው። ከጠቅላላው ጊዜ ሲሰላ 0.6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይህን ወደ ከፍታ ብንመልሰው ከ8,848 ሜትሩ 51 ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ተወዳዳሪ 200 ሜትር ከፍታ ያለውን ዳገት ቢመርጥ 45 ጊዜ መመላለስ አለበት። እንግዲህ 51 ሜትሩን ለ45 ስናካፍለው አንድ ሜትር ከምናምን ነው። ዳገቱ ሲለካ አንዲት ሜትር ብትሳት አንደኛው ሁለተኛ፣ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል ማለት ነው። ለመሆኑ አንድን ዳገት ጠርዝ እስከ ጠርዝ በአንድ ሜትር ትክክለኛነት የሚለካ መሣሪያ ከብስክሌታችን መሪ ላይ አስረናል?

አላሰርንም። ያሰርነው ግምት የሚሰጥ መሣሪያ ነው። ቅሬታዬ ግምት መስጠቱ ላይ አይደለም፤ ሁሉም ልኬት ግምት አለበት። ቅሬታዬ ግምቱን እንደ ልኬት አስመስሎ ማቅረቡ ላይ ነው። ከእንጦጦ ወርዶ ስልኩን የሚከፍት ሰው “1,147 ሜትር ወጥተሃል፣ አማካይ ፍጥነትህ 22.4 ነው” የሚል ጽሑፍ ቢያነብ ምን ይረዳል? 1,146 ወይም 1,148 እንዳልሆነ የተረጋገጠ ይመስለዋል። እውነቱ ግን 1,050ም 1,250ም ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው አንድም ምልክት እስክሪኑ ላይ የለም። ለምን የለም?

እስቲ መጀመሪያ ሳተላይቱን እንጠይቅ። ጂፒኤስ ያለንበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይቶቹ የተላከው ምልክት እኛ ዘንድ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ነው። አሜሪካ ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ካቆመች ወዲህ፣ ተራ የእጅ ስልክ ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ሜዳ ላይ ቦታውን በአምስት ሜትር ገደማ ስህተት ያውቃል። ይህ የአግድሙ ነው። የቁመቱስ? በአግድም ሳተላይቶቹ በምሥራቅም በምዕራብም፣ በሰሜንም በደቡብም ስላሉ የአንዱ ስህተት በሌላው ይካካሳል። በቁመት ግን ሁሉም ከላያችን ናቸው፤ ከእግራችን በታች ያሉትን ምድር ራሷ ትጋርዳቸዋለች። ስለዚህ የቁመቱ ስህተት ከአግድሙ አንድ ተኩል፣ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ገደል ሥር ወይም በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ስናልፍ ደግሞ ምልክቱ ከግድግዳው ነጥሮ ስለሚመጣ ይብሳል።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ባልከፋ። የወጣነው ከፍታ የሚገኘው ግን በመደመር ነው። ውኃ ለመጠጣት መንገድ ዳር ቆመን እንኳ የጂፒኤሱ ቁመት ሁለት ሜትር ከፍ፣ ሦስት ሜትር ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ከፍ ያለችው ሁሉ “ወጣ” ተብላ ከተደመረች ሳንነቃነቅ ተራራ እንወጣለን። ይህን ለመከላከል መተግበሪያዎቹ ገደብ ያበጃሉ፤ ከዚህ ቁጥር በታች ያለውን ከፍታ አንቆጥርም ይላሉ። ከመተግበሪያዎቹ አንዱ የሆነው ስትራቫ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት ጥሩ የባሮሜትር፣ ማለትም የአየር ግፊት መለኪያ፣ መረጃ ላለው ጉዞ ገደቡ ሁለት ሜትር፣ ለሌለው ደግሞ አሥር ሜትር ተከታታይ መውጣት ነው። ማብራሪያውን ማውጣቱ የሚመሰገን ነው። ግን አንድ ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዳቸው ስምንት ሜትር ከፍታ ያላቸው ሃያ ጉብታዎች ያሉበት መንገድ አለ እንበል። ባሮሜትር ያለው መሣሪያ የያዘችው ብስክሌተኛ 160 ሜትር ወጣች ይባልላታል። አብሯት የሄደው፣ ስልኩን ብቻ የያዘው ጓደኛዋ ዜሮ ሊመዘገብለት ይችላል። መንገዱ አንድ፣ ላቡ አንድ፣ ቁጥሩ ግን ለየቅል። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲወዳደሩ ከበስተጀርባቸው ሁለት የተለያዩ ደንቦች እንዳሉ ማን ይነግረናል?

ባሮሜትሩ ይሻላል፤ በዚህ አልከራከርም። የአየር ግፊት ከፍ ባልን ቁጥር ይቀንሳል፤ በባሕር ጠለል አካባቢ በየ8 ሜትሩ አንድ ሄክቶፓስካል ገደማ፣ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ደግሞ በየ11 ሜትሩ ያህል። ጥሩ ባሮሜትር ከአንድ ሜትር ያነሰ ለውጥ ስለሚሰማው አጭር ዳገት ላይ ጂፒኤስ አይደርስበትም። ነገር ግን ባሮሜትር የሚለካው አየርን እንጂ መሬትን አይደለም። አየሩ ራሱ ሲለወጥስ?

ይህ ጥያቄ እኛን ከሌላው ሰው በላይ ይመለከተናል። በሐሩር አገሮች የአየር ግፊት ደመናም ዝናብም ሳይኖር በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ይወርዳል። ልዩነቱ ሁለት ሦስት ሄክቶፓስካል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ከ20 እስከ 30 ሜትር ማለት ነው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ፣ መሣሪያውን አብርቶ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት የተወው ሰው መሣሪያው ቀስ እያለ ሽቅብ ሲወጣ ያገኘዋል። ከጠዋት እስከ ከሰዓት የነዳም ሰው የወጣው ከፍታ ውስጥ ይህ ያልወጣው ዳገት ተቀላቅሎ ይገኛል። ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲኬድ ይህ የቀን ማዕበል እየቀነሰ ይሄድና እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ግፊቱ በአንድ ከሰዓት ብቻ ብዙ ሄክቶፓስካል ይወርዳል። የምጠይቀው ይህን ነው፤ መሣሪያው የሚሸጥልን የትኛውን አየር ታሳቢ አድርጎ ነው? የቀኑን የግፊት ማዕበል የሚያርም ቀመር ካለው ለምን አይገለጽም? ከሌለውስ የመጨረሻዋን ሜትር ሳይቀር የሚጽፈው በምን ድፍረት ነው?

ነፋሱም አለ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ሰው ከፊቱ የሚገፋው አየር የባሮሜትሯ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ከዞረች አዲስ አበባ ላይ እስከ 14 ሜትር የሚደርስ ስህተት ሊፈጥር ይችላል። ዝናብ ወይም ላብ ቀዳዳዋን ሲደፍናትም መሣሪያው ዳገት ላይ እያለን “ሜዳ ነው” ማለት ይጀምራል። በክረምት የነዳ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ባሮሜትር በሌለበት ደግሞ መተግበሪያው ወደ ካርታ ይዞራል። ያለንበትን ነጥብ ይወስድና “በዚህ ቦታ የመሬቱ ከፍታ ስንት ነው?” ብሎ ከተዘጋጀ ሞዴል ያነብባል። ሞዴሉን ማን ሠራው? ከየት መጣ? ለብዙው የዓለም ክፍል መሠረቱ እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ውስጥ በራዳር ያነሳችው የመሬት ቅርጽ ነው። ድንቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሲታቀድ የተቀመጠለት የቁመት ስህተት ወሰን 16 ሜትር ነው፤ ያውም ከአሥር ነጥቦች ለዘጠኙ። በየ30 ሜትሩ የተወሰደው የተሻለ መረጃ ለዓመታት ለሕዝብ ክፍት የነበረው ለአሜሪካ ብቻ ሲሆን የቀረው ዓለም በየ90 ሜትሩ የተወሰደውን ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለሌላውም መለቀቅ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ተረኛ አፍሪካ ነበረች። ይህ መልካም ዜና ነው። ሆኖም 30 ሜትርም ቢሆን ከአንድ የአስፋልት መንገድ ስፋት ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ይህን ይዘን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ደጀን ያለው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣው ገደሉን ታክኮ ነው። ጂፒኤሱ ነጥባችንን አሥር ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢስት፣ ተዳፋቱ 45 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ካርታው አሥር ሜትር ከላያችን ወይም ከበታችን ያለውን መሬት ያነብልናል። በሚቀጥለው ሴኮንድ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ይስታል። መንገዱ ዝም ብሎ ቁልቁል እየወረደ ሳለ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሳተላይቱ ይጠፋል፤ ካርታው የሚያውቀው ከዋሻው በላይ ያለውን ተራራ እንጂ የምንነዳበትን መንገድ አይደለም። እንጦጦ ላይም የራዳሩ ምልክት በየቦታው አፈሩን አልነካም፤ ብዙውን ከባሕር ዛፉ አናት ወይም ከቅርንጫፎቹ መሐል ነው የተመለሰው። ዛፉ ባለበት መሬቱ ከፍ ይላል፣ ዛፉ በተቆረጠበት ዝቅ ይላል።

ስዊዘርላንድን የመሰሉ አገሮች መሬታቸውን ከአውሮፕላን በሌዘር አስለክተው በየጥቂት ሜትሩና ከዚያም ባነሰ ርቀት ነጥብ የተወሰደበት ካርታ አላቸው። የእኔ ተቃውሞ እነሱ በማግኘታቸው አይደለም። አንድ መተግበሪያ ለዙሪክ ብስክሌተኛና ለደጀን ብስክሌተኛ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ቁጥር፣ በተመሳሳይ ቀለም፣ በተመሳሳይ እርግጠኝነት ሲያቀርብ ሁለቱን እኩል እያስተናገደ ይመስላል። እኩል አላስተናገደም። ለአንዱ የተለካ ነገር ሰጥቶ ለሌላው የተገመተ ነገር ሰጥቷል፤ ልዩነቱንም ደብቋል። የደጀኑ ሰው ይህን የማወቅ መብት የለውም?

ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ቡና የሚመዝን ነጋዴ ሚዛኑ እንዲፈተሽ ይጠበቅበታል፤ ጎድሎ ከተገኘ ይጠየቃል። በብዙ ሺህ ብር የሚገዛ የብስክሌት ኮምፒውተር ግን ስንት ሜትር ሊስት እንደሚችል ቁጥሩ አጠገብ እንዲጽፍ ማንም አይጠይቀውም።

ፍጥነቱስ ይሻላል? በመጠኑ። ጎማው ሲዞር የሚቆጥር ዳሳሽ ከፊት ወይም ከኋላ ቸርኬ ላይ ካለ ልኬቱ በቀጥታ ከመሬት የመጣ ነው። ግን እሱም የሚያባዛው እኛ በሰጠነው ቁጥር ነው። 700 በ23 የሆነ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር 2,096 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 700 በ28 የሆነው 2,136። ጎማ ቀይሮ ቁጥሩን ያልቀየረ ሰው ሁለት በመቶ ገደማ ይስታል፤ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አንዳንድ አዳዲስ ዳሳሾች የጎማውን ዙር ራሳቸው ከጂፒኤስ ጋር አስተያይተው ያሰላሉ። ያ ከሆነ ጂፒኤሱን የሚያርመው ማን ነው?

ዳሳሽ በሌለበት ርቀቱም ፍጥነቱም ከሳተላይት ነው። መሣሪያው ነጥብ የሚመዘግበው አልፎ አልፎ ከሆነ ጠመዝማዛውን መንገድ በቀጥታ መስመር እየቆረጠ ያሳጥረዋል። በየሴኮንዱ ከመዘገበ ደግሞ የእያንዳንዱ ነጥብ ትንሽ ስህተት መንገዱን ዚግዛግ አድርጎ ያስረዝመዋል። ሁለቱ ስህተቶች አንዳንዴ ይጣፋሉ፣ አንዳንዴ አይጣፉም። “ከፍተኛ ፍጥነት” የምትለዋን ቁጥር ደግሞ በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ፍጥነቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ከተሰላ፣ አንዲት ነጥብ አምስት ሜትር ብቻ ወደፊት ብትዘል በዚያች ሴኮንድ ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። 55 የወረደው ሰው 73 ወረድኩ ብሎ ያወራል። የሚያወራውን የሚሰማ ወጣት ደግሞ ነገ 75 ሊሞክር ይነሳል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ጨዋታ መሆኑ የሚያበቃው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ በርክሌይ ውስጥ አንድ ብስክሌተኛ በስትራቫ የፍጥነት ሰንጠረዥ ላይ የተነጠቀውን የቁልቁለት ክብረወሰን ለማስመለስ ሲወርድ ሕይወቱ አለፈ። ቤተሰቡ በ2012 ኩባንያውን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱ በ2013 ክሱን ውድቅ አደረገው። የሕጉን ክርክር ለሕግ አዋቂዎች ልተወው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በሴኮንድ 11 ሜትር ይሄዳል። የአምስት ሜትር የቦታ ስህተት በመነሻው ግማሽ ሴኮንድ ገደማ፣ በመድረሻውም ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ያዛባል። በእንዲህ ያለ መለኪያ ሰዎችን በአንድ ሴኮንድ ልዩነት አንደኛና ሁለተኛ እያሉ መደርደር ምን ይባላል? የትራክ ውድድር አሸናፊን ለመለየት በሴኮንድ አንድ ሺህኛ የሚቆጥር ሰዓትና ካሜራ ይዘጋጃል። አውራ ጎዳና ላይ፣ መኪና በሚተላለፍበት ቁልቁለት ላይ፣ ሕይወት ለሚያስከፍል ፉክክር ግን የስልክ ግምት በቂ ሆነ?

የአማካይ ፍጥነቱን ነገር ቶሎ ልለፈው። ቆም ስንል መቁጠር የሚያቆም መሣሪያ 60 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ተኩል አካፍሎ 24 ይላል፤ ከቤት እስከ ቤት 3 ሰዓት የፈጀበት ሰው ግን አማካዩ 20 ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ እስከተነገረ ድረስ።

የተሳሳተው ከፍታ በከፍታነቱ ቢቀር ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ግን አይቀርም። ኃይል የሚለካ መሣሪያ የሌለው ሰው ስንት ዋት እንዳወጣ የሚነገረው ከከፍታውና ከፍጥነቱ ተሰልቶ ነው፤ ያቃጠለው ካሎሪም እንዲሁ። ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላይ በአንድ ሰዓት ጉዞ 100 ሜትር የሐሰት ዳገት ቢጨመር፣ ሒሳቡ 20 ዋት ያህል ያልነበረ ጉልበት ይሰጠዋል። 20 ዋት ለአማተር ብዙ ነው፤ ለወራት በተሠራ ልምምድ የሚገኝ እድገት ነው። አሠልጣኙ ይህን አይቶ ልምምድ ይጨምርበታል? ክብደት ለመቀነስ የሚጥር ሰው በዚህ ካሎሪ ልክ ምሳውን ይመጥናል? አንዱ ስህተት እንዲህ ከሰንጠረዥ ወደ ሰውነት ይሻገራል።

“እና ምን ይደረግ፣ ከዚህ የተሻለ መለካት አይቻል ይሆናል” የሚል ካለ መልስ አለኝ። ይቻላል፤ ያውም በብስክሌት።

በዓለም ላይ ዕውቅና ያላቸው የማራቶን ጎዳናዎች የሚለኩት በጂፒኤስ አይደለም። የሚለኩት የፊት ጎማው ላይ ጆንስ ካውንተር የተባለች ትንሽ መቁጠሪያ በታሰረላት ብስክሌት ነው፤ አላን ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1971 የፈለሰፋት ናት። ለኪው መጀመሪያ በብረት ሜትር በጥንቃቄ የተለካ፣ ቢያንስ 300 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ መንገድ ያዘጋጃል። ያንን መንገድ ደጋግሞ እየነዳ ጎማው በዚያች ቀን፣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ነፋስ ልክ ለአንድ ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚቆጥር ያረጋግጣል። ከዚያ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መስመር ተከትሎ ጎዳናውን ይለካል። ሲጨርስ ተመልሶ ያንኑ የብረት ሜትር መንገድ ይነዳል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ስትሞቅ ጎማው ይነፋል፣ ስትቀዘቅዝ ይሟሽሻል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ራሱን አያምንም። በየሺህ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨምራል፤ ለማራቶን 42 ሜትር ማለት ነው፤ ጎዳናው በስህተት አጥሮ እንዳይገኝ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 እዚያው በርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ሲገቡ ክብረወሰናቸውን ማንም ሊጠራጠረው ያልቻለው ጎዳናው እንዲህ ስለሚለካ ነው። ከኋላ የገቡ ብዙ ሺህ ሯጮች የእጅ ሰዓታቸው ከ42.195 ኪሎ ሜትር በላይ ስላሳያቸው “ጎዳናው ረዝሟል” ብለው ሊያማርሩ ይችላሉ። የረዘመው ጎዳናው አይደለም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሩጫ የብስክሌትን ጎማ አምኖ ጂፒኤስን አይቀበልም። የብስክሌት ሰዎች ግን ጎማቸውን ትተው ጂፒኤስን አመኑ። ከሯጮቹ የምንማረው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ስህተትን አስቀድሞ መቁጠርን፣ ቆጥሮም በግልጽ ማሳወቅን ነው።

ስለዚህ ከሠሪዎቹ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቁጥሩ አጠገብ የስህተት ህዳጉን ጻፉ፤ “1,150 ሜትር፣ ሲደመር ሲቀነስ 80” ማለት ማንንም አያሳፍርም። ከፍታው ከባሮሜትር ነው ከሳተላይት ወይስ ከካርታ? በአንዲት ምልክት አሳዩ። ካርታው የየትኛው ዘመን ነው፣ ነጥቦቹስ በየስንት ሜትሩ የተወሰዱ ናቸው? አሳውቁ። ጉዞው አገልጋይ ኮምፒውተራችሁ ላይ ሲጫን ቁጥሩን የምትለውጡ ከሆነ የመጀመሪያውን አታጥፉት። በሁለት የተለያዩ ደንቦች የተገኙ ቁጥሮችን በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አታወዳድሩ። የቁልቁለት ፍጥነት ፉክክርን ደግሞ ጨርሳችሁ ዝጉት። ይህን ለማድረግ አዲስ ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልግም፤ ስህተቱ ምን ያህል እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት ቀመሩን የጻፉት የእናንተው ባለሙያዎች ናቸው።

በየክለቡ ውድድር ለምታዘጋጁ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። “በወሩ ብዙ ከፍታ የወጣ” ብላችሁ ከስልክ በተለቀመ ቁጥር ዋንጫ አትስጡ፤ ዝናብ ባሮሜትሩን የደፈነበትን ልጅ ትበድላላችሁ፣ ርካሽ ስልክ የያዘችውን ትበድላላችሁ። ዳገት ማወዳደር ከፈለጋችሁ አንድ ዳገት ምረጡ፤ ሥሩንና አናቱን በቀያሽ አስለኩት፣ በቀለም አስምሩት፣ ከላይና ከታች ሰዓት ያዥ አቁሙ። ቀያሹ የሚለካው አንድ ጊዜ ነው፤ ዳገቱ ግን ለዓመታት ያገለግላችኋል።